«የለም»፣ «ቆይ»፣ «አላውቅም»፦ ኮምፒውተሮች እምቢ ማለትን የተማሩበት ታሪክ

አንድ ባለጉዳይ ቢሮ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። «እንዲህ የሚባል ፋይል እዚህ የለም» ሊባል ይችላል። «ፋይሉ አለ፤ ለአንተ ግን አይሰጥም» ሊባል ይችላል። «ፋይሉ ከመዝገብ ቤት እየመጣ ነው፤ ጥቂት ጠብቅ» ሊባል ይችላል። «ምን እንደተፈጠረ እኛም አላወቅንም» ሊባልም ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማንም ምንም ሳይለው ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋሉ ነው።

ሲታዩ ሁሉም እምቢታ ናቸው። ሰውዬው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግሩት ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው «ስሙን አጣራ» ይላል። ሁለተኛው «ፈቃድ አምጣ» ይላል። ሦስተኛው «አትሂድ» ይላል። አራተኛው «ኃላፊ ጥራ» ይላል። አምስተኛው ምንም አይልም። «ሲስተም የለም» የምትባለው የዘመናችን ዓረፍተ ነገር ሰውን የምታበሳጨው አገልግሎት ስለከለከለች ብቻ አይደለም። አምስቱንም በአንድ ጆንያ ከትታ የሚቀጥለውን እርምጃ ስለምትሰውርም ነው።

ይህ የመልስ አሰጣጥ ጉዳይ ተራ የጨዋነት ጥያቄ እንዳልሆነ በደንብ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ኤንኤፍኤስ የሚባለው የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት ታሪክ ነው። አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ፋይል የራሱ ዲስክ ላይ ያለ ያህል እንዲከፍት የሚያስችል ፕሮቶኮል ሲሆን፣ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በምርምር ማዕከላትና በድርጅቶች ይሠራል። ለአሥርተ ዓመታት መሐንዲሶቹን ያከራከረው ትልቁ ነገር ፋይሉን እንዴት መስጠት እንደሚቻል ብቻ አልነበረም። መስጠት ሳይቻል ሲቀር ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሁለቱ ውሳኔዎች

በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ሰን ማይክሮሲስተምስ ለመሐንዲሶችና ለተመራማሪዎች የሚሆኑ የዩኒክስ ኮምፒውተሮችን ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ዲስክ ውድ ነበር። ጭራሹኑ የራሳቸው ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮችም ይሸጡ ነበር። መፍትሔው ፋይሎቹን ሰርቨር በሚባል አንድ ማሽን ላይ አስቀምጦ ሌሎቹ፣ ማለትም ክላይንቶቹ፣ በኔትወርክ እንዲጠቀሙበት ማድረግ ሆነ። በ1985 የበጋ ወቅት ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ላይ በተካሄደው የዩዝኒክስ ጉባኤ ራስል ሳንድበርግና አራት ባልደረቦቹ ንድፉን በጽሑፍ አቀረቡ።

ንድፉ ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎች ነበሩት። አንደኛው፣ ነባር ፕሮግራሞች ምንም ሳይቀየሩ እንዲሠሩ ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉ ከጎኑ ይሁን ከሌላ ሕንፃ ማወቅ የለበትም። ሁለተኛው፣ ሰርቨሩ ስለ ክላይንቶቹ ምንም ነገር እንዳያስታውስ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሣ፣ ክላይንቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል፤ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለቱም ብልህ ውሳኔዎች ነበሩ። ሁለቱም ግን የስህተት መልስ ላይ ሲደርሱ ዋጋ አስከፈሉ።

፪. ከአንድ ቤት የተወረሱ ቁጥሮች

ሁለተኛው የፕሮቶኮሉ እትም መጋቢት 1989 አርኤፍሲ 1094 ተብሎ ለሕዝብ ታተመ። በውስጡ ከ20 የማይበልጡ የስህተት መልሶች ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። 2 ማለት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ነው። 13 «ፈቃድ የለህም» ነው። 28 «ዲስኩ ሞልቷል»፣ 69 ደግሞ «የተመደበልህን ኮታ ጨርሰሃል» ነው።

እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ጥሩ የመልስ ምርጫ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። በሁለቱም ጊዜ የሆነው አንድ ነው፤ ተጠቃሚው መጻፍ አልቻለም። 28 ሲመጣ ግን ችግሩ የሁሉም ነው፤ አስተዳዳሪው ዲስክ ይጨምር ወይም ያጽዳ። 69 ሲመጣ ችግሩ የአንድ ሰው ነው፤ ሰውዬው የራሱን ፋይሎች ይቀንስ። ቁጥሩ ቀጣዩን ኃላፊነት ማን እንደሚወስድ ይናገራል።

የቁጥሮቹ አደራደር ግን እንግዳ ነው። ከ2 ወደ 5፣ ከ6 ወደ 13፣ ከ30 ወደ 63 ይዘላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁጥሮቹ ከበርክሊ ዩኒክስ የውስጥ ዝርዝር እንዳሉ የተቀዱ ናቸው። የአንድ ቤት የውስጥ ቋንቋ የአደባባይ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ሌሎች ቤቶች ግን ሌላ ቁጥር ነበራቸው። በበርክሊ ዩኒክስ 70 የሆነው ስህተት በሊኑክስ 116 ነው። ሰን ራሱ በ1992 ወደ ሶላሪስ 2 ሲሸጋገር፣ ይኸው ስህተት በራሱ ስርዓት ውስጥ 151 ሆነ። የፕሮቶኮሉ አባት የገዛ ልጁን ቋንቋ ለመናገር አስተርጓሚ አስፈለገው። ሰርቨሩ የራሱን ቁጥር ወደ ፕሮቶኮሉ ቁጥር፣ ክላይንቱም የፕሮቶኮሉን ቁጥር ወደ ራሱ ቁጥር መቀየር ግድ ሆነባቸው። በእያንዳንዱ ትርጉም ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሊጠፋ ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የሌለው እንግዳ ችግር ሲገጥም ብዙ ጊዜ መጠጊያው 5 ነበር፤ «የግብዓትና ውጤት ስህተት»። ይህን ያየ አስተዳዳሪ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው። ዲስኩ ደግሞ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

፫. 70፦ የሌላውን ሰው ፋይል ከመስጠት እምቢ ማለት

ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም የሚታወቀው 70 ነው፤ «ስቴል» ይባላል፤ ያረጀ ወይም ዋጋ ያጣ ማለት ነው። የዩኒክስ ተጠቃሚዎችን ለዓመታት ያማረረ መልእክት ነው። ግን ከመልሶቹ ሁሉ ሐቀኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ክላይንቱ አንድን ፋይል ሲያገኝ ከሰርቨሩ አንድ መለያ ይቀበላል። በኋላ ሲያነብም ሲጽፍም የሚያሳየው ይህንን መለያ ነው፤ ልክ ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ እንደሚሰጥ ቁጥር። አሁን ፋይሉን ሌላ ሰው አጠፋው እንበል። ዲስኩ ላይ የነበረውም የመዝገብ ቦታ ለሌላ አዲስ ፋይል ተሰጠ። የመጀመሪያው ክላይንት አሮጌውን መለያ ይዞ ቢመጣ ሰርቨሩ ምን ይስጠው? ቦታውን ብቻ ካየ የማያውቀውን ሰው ፋይል ሊሰጠው ነው፤ ወይም ጽሑፉን በሌላ ሰው ፋይል ላይ ሊያሰፍርበት ነው።

ስለዚህ የ1985ቱ ንድፍ መለያው ውስጥ የትውልድ ቁጥር ጨመረ። ቦታው ለአዲስ ፋይል ሲሰጥ የትውልዱ ቁጥር ይለወጣል። አሮጌ መለያ ሲመጣ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ መልሱም «ስቴል» ይሆናል። ተጠቃሚው ይበሳጫል፤ የሌላ ሰው ሰነድ ግን ይድናል።

፬. ዝምታ ወርቅ ያልሆነበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰርቨሩ ምንም ሳይመልስ ሲቀር ነው። ኬብሉ ተበጥሶ ይሆን? ሰርቨሩ ሞቶ ይሆን? ወይስ ሥራ በዝቶበት ነው? ክላይንቱ ከወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ሊለይ አይችልም።

የሰን መሐንዲሶች ምርጫውን ለአስተዳዳሪው ተዉለት። «ሃርድ» በሚባለው አሠራር ክላይንቱ ሰርቨሩ እስኪነሣ ድረስ ሳይሰለች ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ባለበት ይደርቃል። «ሶፍት» በሚባለው ደግሞ ጥቂት ሞክሮ ተስፋ ይቆርጥና ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል። ችግሩ ግን ያ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉ ከጎኑ እንዳለ አምኖ የተጻፈ ነው። የራሱ ዲስክ በመሐል ጠፍቶ ሊመለስ እንደሚችል ያሰበው የለም። ስህተቱን ሳያይ ያልፈዋል። ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ የቀረ ፋይል ይተርፋል። የሊኑክስ መመሪያ ራሱ የ«ሶፍት» አሠራር አንዳንድ ጊዜ መረጃን በጸጥታ ሊያበላሽ እንደሚችል እስከ ዛሬ ያስጠነቅቃል።

በ1994 የሰን የራሱ የምርምር ክፍል ባልደረቦች የሆኑት ጂም ዋልዶና ጓደኞቹ ስለ ተከፋፈሉ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ባወጡት ታዋቂ ማስታወሻ ይህንኑ ምሳሌ አነሡ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር። ቅርብ ያለውንና ሩቅ ያለውን አንድ አስመስሎ ማቅረብ፣ ሩቁ ሲወድቅ የሚሰጥ ትክክለኛ መልስ ያሳጣል። «ሃርድ» ሁሉንም ያደርቃል፤ «ሶፍት» ያልተዘጋጀውን ያበላሻል። ሁለቱም መጥፎ የሆኑት የመልሱ ቋንቋ ሲቀረጽ «ወዲያኛው ማሽን ምን እንደሆነ አላውቅም» የሚል ቃል ስላልተዘጋጀለት ነው።

በተግባር ብዙዎች «ሃርድ»ን መረጡ። መጠበቅ ከመበላሸት ይሻላል በሚል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ደርቆ የቀረን ፕሮግራም ተጠቃሚው እንኳ ሊያቋርጠው የማይችልበት ጊዜ ነበር። በሊኑክስ በኩል በ2008 የወጣው 2.6.25 እትም ቢያንስ በግድ መግደል እንዲቻል አደረገ።

፭. እውነት የሆነ የተሳሳተ መልስ

ሌላው ወጥመድ ከተደጋጋሚ ጥያቄ መጣ። ሰርቨሩ ምንም አያስታውስም፤ ክላይንቱም መልስ ሲያጣ ደግሞ ይልካል። «ከዚህ ፋይል የመጀመሪያውን ገጽ አንብብልኝ» የሚል ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢደገም ጉዳት የለውም። «ይህን ፋይል አጥፋ» የሚለው ግን ሌላ ነው።

ክላይንቱ «አጥፋ» ብሎ ላከ። ሰርቨሩ አጠፋ፤ «እሺ» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። ክላይንቱ ደግሞ ላከ። ሰርቨሩ ፈለገ፤ አጣ። «2፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለ። መልሱ እውነት ነው፤ ፋይሉ የለም። ግን ሥራው በትክክል የተፈጸመለት ተጠቃሚ አልተሳካም ተባለ። አዲስ ማኅደር ክፈት ሲባልም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ይከፍታል፤ የተደገመው «ቀድሞም ነበረ» የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል።

በ1989 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽኑ ቼት ጁዛክ በዩዝኒክስ የክረምት ጉባኤ ባቀረበው ጽሑፍ መድኃኒቱን በሥራ ላይ አሳየ። ሰርቨሩ በቅርቡ የመለሳቸውን መልሶች በጥያቄ ቁጥራቸው ይያዝ። ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሥራውን አይድገም፤ የቀድሞ መልሱን ይድገም። ምንም አያስታውስም የተባለው ሰርቨር ሐቀኛ ለመሆን ሲል ጥቂት ማስታወስ ጀመረ። ይህ ማስታወሻ ግን በማሽኑ ትውስታ ላይ ብቻ የነበረና መጠኑም የተወሰነ በመሆኑ ፈውሱ ሙሉ አልሆነም።

፮. «ቆይ» የሚለው ቃል ሲፈጠር

ሦስተኛው እትም ሰኔ 1995 አርኤፍሲ 1813 ተብሎ ሲወጣ የመልስ ዝርዝሩ መልኩን ቀየረ። አዳዲሶቹ የፕሮቶኮሉ ስህተቶች ከ10001 ጀምሮ ተቆጠሩ፤ ከማንኛውም ዩኒክስ የውስጥ ቁጥር ርቀው። ፕሮቶኮሉ የራሱን ቋንቋ መናገር ጀመረ።

ከእነዚህ ውስጥ 10008 «ጁክቦክስ» ተባለ። ጁክቦክስ ሳንቲም ሲገባበት የተመረጠውን ሸክላ አንሥቶ የሚያጫውት የሙዚቃ ሣጥን ነው። በዚያ ዘመን ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ የማይነኩ ፋይሎችን ወደ ቴፕና ወደ ኦፕቲካል ዲስክ ያወርዱ ነበር፤ ፋይሉ ሲፈለግ የማሽን ክንድ ልክ እንደ ሙዚቃ ሣጥኑ ዲስኩን አንሥቶ ያስገባል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሰርቨሩ እስኪያልቅ ዝም ቢል ክላይንቱ የሞተ ይመስለዋል፤ ደጋግሞ እየጠየቀም ይጨናነቃል። «የለም» ቢል ውሸት ነው። «ስህተት» ቢልም ውሸት ነው። ስለዚህ «ጀምሬዋለሁ፤ ጥቂት ቆይተህ በአዲስ የጥያቄ ቁጥር ተመለስ» የሚል መልስ ተፈጠረ። በአዲስ ቁጥር የተባለው ያለምክንያት አይደለም፤ በአሮጌው ቁጥር ቢመጣ የተደገመ ጥያቄ መስሎ የቀድሞው መልስ ሊሰጠው ይችላል።

10006 ደግሞ «የሰርቨር ችግር» ነው። ትርጉሙ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት መልሶች ግን አንዱም አይገልጸውም ማለት ነው። «አላውቅም» የሚለው መልስ የራሱን ቁጥር አገኘ። ከእንግዲህ ዲስኩን በሐሰት መክሰስ ግድ አልነበረም።

ይኸው እትም 1 እና 13ን በግልጽ ለያቸው። 13 ማለት ተራ የፈቃድ እጦት ነው። 1 ግን ባለቤቱ ወይም ዋና አስተዳዳሪው ብቻ የሚያደርገውን ነገር ሌላ ሰው ሲሞክር የሚሰጥ ነው። «አክሰስ» የሚባል አዲስ ጥያቄም ተጨመረ። ከዚያ በፊት ክላይንቱ የፋይሉን የፈቃድ ምልክቶች አይቶ ራሱ ይገምት ነበር፤ ግምቱ ከሰርቨሩ ውሳኔ ጋር ላይገጥም ይችላል። አሁን «ምን ምን ይፈቀድልኛል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ተቻለ። አንዳንዱን የስህተት መልስ የሚተካው አስቀድሞ የተጠየቀ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሰነዱ አንድ ነገር ሳይሸሽግ አመነ። በየጥያቄው ሥር የተዘረዘሩት ስህተቶች የተለመዱት እንጂ ሁሉም እንዳልሆኑ ጻፈ፤ ክላይንቶችም ላልጠበቁት መልስ ይዘጋጁ አለ።

፯. የ«እሺ» ውሸት

የስህተት መልስ ታሪክ «እሺ» የሚለውን መልስ ካልጨመረ ጎደሎ ነው። በሁለተኛው እትም ሕግ መሠረት ሰርቨሩ «ጽፌዋለሁ» የሚለው መረጃው ዲስክ ላይ በእርግጥ ካረፈ በኋላ ብቻ ነበር። ይህ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰርቨሮች መረጃው ገና ትውስታ ላይ ሳለ «እሺ» ማለት ጀመሩ። የሊኑክስ ሰርቨር መሣሪያዎች እስከ 1.0.0 እትም ድረስ ሳይጠየቁ የሚመርጡት ይህንን ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን «ተጽፏል» የተባለው አልተጻፈም፤ ለማንም የተነገረ ስህተትም የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው የሚለቀምም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያሉት እትሞች ምርጫውን ገለበጡት።

ሦስተኛው እትም ፍጥነትንም ሐቀኝነትንም የሚያስታርቅ መንገድ አበጀ። ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ፤ ገና አላሳረፍኩትም» ማለት ይችላል፤ አብሮም አንድ ምልክት ይሰጣል። ሰርቨሩ ወድቆ ከተነሣ ምልክቱ ይለወጣል። ክላይንቱ በኋላ «አሁን አሳርፍ» ሲል የተለወጠ ምልክት ካየ፣ የላከው እንደጠፋ አውቆ ደግሞ ይልካል። «እሺ» በሁለት ተከፈለ፦ «ሰምቻለሁ» እና «ፈጽሜያለሁ»።

፰. ማስታወስ የጀመረው ሰርቨር

አራተኛው እትም ታኅሣሥ 2000 ወጣ፤ በ2003 ተሻሽሎ ታተመ። እድገቱ ከሰን እጅ ወጥቶ የኢንተርኔት ደንቦችን በሚያወጣው አይኢቲኤፍ ሥር ሆኗል። በዚህ እትም ሰርቨሩ ማን የትኛውን ፋይል እንደከፈተና እንደቆለፈ ማስታወስ ጀመረ። የሚያስታውስ ሰርቨር ደግሞ የሚረሳበት ቀን አለ፤ ለመርሳትም መልስ ያስፈልጋል። «ግሬስ» የሚባለው መልስ «ገና መነሣቴ ነው፤ የቀድሞ ባለመብቶች መብታቸውን እስኪያስመዘግቡ አዲስ ቁልፍ አልሰጥም» ይላል። በሊኑክስ ሰርቨር ይህ ጊዜ በተለምዶ 90 ሰከንድ ነው። «ኤክስፓየርድ» የሚለው ደግሞ የክላይንቱ መብት ጊዜው እንዳለፈ ይነግረዋል። «ጁክቦክስ» ቁጥሩን 10008 እንደያዘ «ዲሌይ» ተባለ። የሙዚቃ ሣጥኑ ተረሳ፤ «ቆይ» የሚለው ፍሬ ነገር ግን ለብዙ ሌላ ጉዳይ የሚያገለግል ሆነ።

ጥር 2010 የወጣው 4.1 እትም የ1989ኙን ሕመም ከሥሩ ያዘው። እያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ያለው ሆኖ ሰርቨሩ የመጨረሻ መልሱን እንዲይዝ ግዴታ ሆነ። የትኛው ጥያቄ የትኛውን ስህተት መመለስ እንደሚችልም በሰንጠረዥ ተዘረዘረ። «የተለመዱት እነዚህ ናቸው» ከሚለው ትሑት ማስታወሻ እስከ ሙሉ ሰንጠረዥ 15 ዓመት ገደማ ወሰደ።

፱. ቁም ነገሩ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉዳት ያደረሱት መልሶች ክፉ ዜና የያዙት አልነበሩም። «ዲስኩ ሞልቷል» ማንንም አላጠፋም፤ «ስቴል» ሰዎችን አበሳጨ እንጂ ፋይላቸውን አዳነ። ጉዳት ያደረሱት የማያውቁትን የሚያውቁ መስለው የቀረቡት ናቸው። ዲስኩ ሳይበላሽ «የዲስክ ስህተት» ያለው፣ ሥራው ተፈጽሞ ሳለ «የለም» ያለው፣ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ያለው።

ሌላም ነገር አለ። አሠሪዎቹ መጀመሪያ የያዙት ዝርዝር የመጣው ሩቅና ቅርብ ከማይለይበት ቤት ነው። በአንድ ማሽን ውስጥ «ቆይ» እና «አላውቅም» እምብዛም አያስፈልጉም፤ ሁሉም አብሮ ይሠራል ወይም አብሮ ይወድቃል። በሁለት ማሽኖች መካከል ግን ዋናዎቹ ቃላት እነሱ ናቸው። ለ«ቆይ» ቁጥር ለመስጠት አሥር ዓመት የፈጀው መሐንዲሶቹ ሰነፎች ስለነበሩ ሳይሆን፣ የተዋሱት ቋንቋ ቃሉን ስላልያዘ ነው።

ዛሬ የባንክ፣ የግብር፣ የመታወቂያና የትምህርት ውጤት አገልግሎት ሁሉ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ሲቆም፣ አንድ ሥርዓት ሲገዛ ወይም ሲሠራ አብዛኛው ጥያቄ «ምን ያህል ይፈጥናል?» የሚል ነው። የኤንኤፍኤስ ታሪክ ከዚያ የሚቀድሙ ጥያቄዎች እንዳሉ ያስተምራል። ሲከለክል ምን ይላል? መልሱን የሚያነበው ሰው ቀጥሎ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል? የማያውቀውን ነገር «አላውቅም» የሚልበት ቁጥርስ ተሰጥቶታል?